የእትዬ ጭልፋ ሁለት ድስቶች

ፋብሪካችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁላችንም «እትዬ ጭልፋ» ነበር የምንላት። ጭልፋው ከእጇ አይለይም። በጭልፋ ትቀዳለች፣ በጭልፋ ሰልፍ ታስይዛለች፣ ሰው ስትቆጣም በጭልፋ ነው የምትጠቁመው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ እያሉ የሚፎክሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ቀን ይከፋሽ ይሆን ብዬ ብጠይቃት ወገቧን ይዛ ሳቀችብኝ። «ጭልፋ ማለታችሁስ ደግ ነው። ይህን ውፍረቴን አይታችሁ ድስት ብትሉኝ ኖሮ ነበር የምቀየመው» አለች።

እኔ ሥራዬ የመጋዝ ጥርስ መሳል ነው። ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ስንጫጫ ስለምውል ጠባዬ ሻካራ ነው ይሉኛል፤ አይዋሹም። ሰው ማመስገን አይቀናኝም። እትዬ ጭልፋን ግን ሳላመሰግን ብሞት አፈሩ ይከብደኛል፤ ስለዚህ ይኸው።

ፋብሪካው የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ነው፤ በር፣ አልጋ፣ ወንበር ይሠራል። ከሠራተኛው ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ማን እንደሚበልጥ የቆጠረ የለም፣ ቆጥሮ የሚጠቀምም አልነበረም። የምንበላበት አዳራሽ በአንድ በኩል ከመላጊያ ክፍሉ፣ በሌላ በኩል ከቶርኖ ክፍሉ ጋር የሚዋሰን ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። ጠረጴዛዎቹን የሠራናቸው ራሳችን ስለሆንን አንዱም አይነቃነቅም። ሰጋቱራው ግን በር ቢዘጋበትም ይገባል። አዲስ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያው ቀን ሰሃኑን እፍ ሲል ይውላል፤ በሳምንቱ ይተወዋል።

በአዘቦት ቀን ምስር፣ ጎመንና ሩዝ ስለሆነ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። ጣጣው ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ የሥጋ ቀን ነው። ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን ነው የሚበላው። ይህ አባት ለልጅ ያወረሰው ነገር ነው፤ በክርክር አይፈታም። ሌላ ቦታ የሚሠሩ ሰዎች ሲያወሩ እንደምሰማው፣ ወይ ሥጋ የሚባል ነገር ጨርሶ አይሠራም፣ ወይ ግማሹ ሰው ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ከቤቱ ያመጣል። እትዬ ጭልፋ ሁለቱንም አልወደደችም። ሥጋ የሚያመጡ ሁለት ሥጋ ሻጮች ያዘች፤ ሳፋውን፣ ቢላዋውን፣ ድስቱን፣ ጭልፋውን ሁሉ ሁለት ሁለት አደረገችው። የሙስሊሙ ዕቃ አረንጓዴ ክር፣ የክርስቲያኑ ዕቃ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ጠረጴዛው ግን አንድ ነው፤ ጨውም አንድ ነው። ጨው ላይ ምልክት ይደረግ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ተገኝቶ ነበር። «ጨው አይታረድም! በጨው ምን አጣላን?» ብላ በጭልፋዋ አባረረችው።

ይህን ዘዴ ከቤቷ ነው ያመጣችው። እናቷ ሙስሊም፣ አባቷ ክርስቲያን ነበሩ። አንዳቸውም ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ ሲጋቡ የሁለቱም ዘመዶች ተቀየሙ። እዚያ ቤት አንድ ምድጃ ላይ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ልጆቹም እናትና አባት ሲጎራረሱ ሳይሆን አንዱ ለሌላው ሲጠነቀቅ እያዩ አደጉ። እትዬ አባቷን ተከትላ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆነች፤ ወንድሟ እናቱን ተከትሎ መስጊድ ገባ። «ለመሆኑ አንቺ የማን ወገን ነሽ?» የሚላት ሰው አይጠፋም። «የእናቴና የአባቴ» ትላለች።

ሙስሊሞቹ በሚጾሙበት ወር በቶርኖ ክፍሉ በኩል ያለውን የወጥ ቤት መስኮት ትዘጋዋለች፤ የሽንኩርቱ ሽታ የጾመኛውን አንጀት እንዳይበላው ነው። ክርስቲያኖቹ ሲጾሙ ደግሞ ምስሩን በጣም አጣፍጣ ትሠራዋለች፤ ሙስሊሞቹም ሐሙስን ረስተው ምስር ይለምኗታል። የየትኛው ድስት በላተኛ እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ነገሩን በዚያ በኩል ብቻ ልትሰሙት ነዋ!

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዕቃ የምታጥብላት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ክርስቲያን ናት፣ ዝምተኛ፣ ሥራ የማትጠግብ። የንጽህና ነገር ከያዘች አትለቅም። ፍሪጁ ውስጥ ሁለቱ የሥጋ ሳፋዎች በጨርቅ ተሸፍነው ነው የሚያድሩት። ሳፋ ላይ ክር ስለማይታሰር ምልክቱ የጨርቁ ጠርዝ ላይ ተሰፍቷል፤ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በአረንጓዴ። አንድ ሐሙስ ማለዳ አጣቢዋ ፍሪጁን ስትከፍት ሁለቱም ጨርቆች ደም ነክቷቸው አየች። አላስቻላትም። ገፈፈቻቸው፣ በሳሙና አሸቻቸው፣ ምድጃው ዳር አደረቀቻቸው፤ ከዚያ ሳፋዎቹን መልሳ ሸፈነቻቸው። ቀዩን በአረንጓዴው ቦታ፣ አረንጓዴውን በቀዩ ቦታ።

እትዬ ጭልፋ ጨርቁን አምና ሥጋውን ወደየድስቱ ከተተች። ምሳ ደረሰ፤ ሰልፉ ተያዘ። ግማሽ ያህሉ ሰው ተቀድቶለት መብላት ጀምሯል። ያን ጊዜ ከአረንጓዴው ድስት ጭልፋዋን ስታወጣ አንድ አጥንት አብሮ ወጣ፤ ጠርዙ ልስልስ ያለ፣ በመጋዝ የተቆረጠ። በመጋዝ የሚቆርጠው ክርስቲያኑ ሥጋ ሻጭ ነው፤ መጋዙንም የምስልለት እኔ ነኝ። ሙስሊሙ ሥጋ ሻጭ በመጥረቢያ ነው የሚፈልጠው። እትዬ ቀዩን ድስት በጭልፋ ፈተሸችው፤ የተፈለጠ አጥንት። ፊቷ ሲነጣ ከሰልፉ ላይ ሆኜ አየኋት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። ምሳው አልቆ ሰሃኑ ታጥቦ ሁላችንም ጥርሳችንን እየጎረጎርን ወደ ሥራችን እንሄድ ነበር። ብዙ ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን ክዳኑን አንስታ ድስቱን እንደ ደወል ደበደበችው።

«አትብሉ! የጎረሳችሁ ትፉ! ሥጋው ተቀያይሯል! ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ!»

መጀመሪያ የተነሳው ሐጂ ነው። ሐጂ የቶርኖ ክፍሉ ሽማግሌ ነው፤ የጠረጴዛ እግር ሲያወጣ እንጨቱ ይታዘዘዋል። ሐጅ አልሄደም፤ ለመሄድ ከመጓጓቱ የተነሳ ነው ቀድመን የሾምነው። ሰሃኑን አጋምሶ ነበር። «አስተግፊሩላህ!» ብሎ አፉን ይዞ ወጣ፤ እንጨት ክምሩ ጋ ሲያስታውክ እስከ አዳራሹ ይሰማ ነበር። በዚህ በኩል ደግሞ እማሆይ አለች፤ እሷም ሳትመነኩስ እማሆይ ያልናት፣ ቫርኒሽ ክፍል የምትሠራ፣ ጾም የማትገድፍ ሴት። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና አለቀሰች። «ምን አደረግሽኝ አንቺ ሴት! ምን አደረግሽኝ!»

አጣቢዋ ከመታጠቢያው ጋ ወጣች። «እኔ ነኝ። ጨርቆቹን ያጠብኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

እትዬ ጭልፋ ከፊቷ ቆመች። «ወጥ ቤቱ የኔ ነው። ስህተቱም የኔ ነው። የሚቆጣ በኔ ይቆጣ።»

ተቆጡባት። ከሰዓት በኋላ ወሬው ፋብሪካውን አልፎ ሰፈር ገብቶ ነበር። ሙስሊሙ «ክርስቲያን ናት፤ አውቃ ነው» አለ። ክርስቲያኑ «የሙስሊም ልጅ ናት፤ አውቃ ነው» አለ። በሌላ በሌላው ቢለያዩም አውቃ ነው በሚለው ላይ ፍጹም አንድነት ነበራቸው። በማግስቱ ሰው ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ልጅ ትምህርት ሲጠይቅ የኖሩ ሰዎች፣ ግማሾቹ በመላጊያው በኩል፣ ግማሾቹ በቶርኖው በኩል ሆኑ። መሀል ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ቀሩ። እኔ ከብስጭቴ የተነሳ መሀል ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ከሁለቱም በኩል ገላመጡኝ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠብ ሲሸተው ራሱን የሚያመው ሰው ነው። ከሁለቱም ወገን «ለየን» የሚሉ ሰዎች ቢሮው ሲመላለሱበት ጊዜ እትዬ ጭልፋን አስጠራት። እኔ ስለ መጋዝ ጉዳይ ገብቼ ነበር። ውጣ ያለኝ ስላልነበረ ጥግ ይዤ ሰማሁ።

«እትዬ፣ አዳራሹን መሀል ለመሀል በኮምፖንሳቶ እናጥረዋለን» አላት። «ሁለት ወጥ ቤት ይሆናል። አንቺ የክርስቲያኖቹን ያዢ፤ ለሙስሊሞቹ ሌላ ወጥ ሠሪ እንቀጥራለን። ሁሉም ሰላሙን ያገኛል።»

«የእናቴን ድስት ለሌላ ሰው ላስረክብ?» አለች።

«እንደሱ አትውሰጂው እንጂ።»

«እንዴት ልውሰደው ታዲያ? ግድግዳው ከቆመ እኔ የለሁም፤ ሽርጤን ፈትቼ እሄዳለሁ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ሐሙስ ብቻ ስጠኝ። አናጢዎቹ ሳንቃቸውን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ይቁሙ። አንድ ሰው እንኳ ሰሃኑን ከገፋ፣ ምስማሩን የማቀብለው እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሽቶ ተስማማ። ስንወጣ እጄን ያዘችኝ። «ከሥራ ስትወጣ ሐጂ ቤት አብረኸኝ ትሄዳለህ። አንተ ቁጡ ነህ፤ ሐጂ ደግሞ ብቻውን መቆጣት አይወድም» አለች።

የሐጂ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ የመስታወቱ ፍሬም ሁሉ ራሱ የሠራው ነው። መቁጠሪያውን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሚስቱ ውሃ ሰጥታን ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ ሐጂ፣ እትዬ ገና አፏን ሳትከፍት። «አውቀሽ እንዳላደረግሽው አላህ ያውቃል። ግን ከእጅሽ አልበላም። ሆዴ እምቢ ይለኛል።»

«ይብሉ አላልኩም፣ ሐጂ። ይጠብቁ ልል ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«ድስት።»

ሐጂ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «እሱስ ደግ ሐሳብ ነው። የእኛ ድስት አጠገብ ከጠዋት ጀምሬ ቁጭ ካልኩ…»

«የእናንተን አይደለም። የክርስቲያኖቹን ነው።»

ሐጂ እኔን አየኝ። እኔም የሰማሁት ገና ያኔ ስለነበር እሷን አየኋት።

«አብደሻል እንዴ? በማልበላው ድስት ምን አገባኝ?»

«የራሱን ድስትማ ማንም ይጠብቃል፤ ድመትም ትጠብቃለች» አለች እትዬ። «ያን ቀን እንጨት ክምሩ ጋ ምን እንደተሰማዎት እርስዎ ያውቁታል። ያ ነገር በሌላ ሰው ሆድ እንዳይደገም ከእርስዎ የበለጠ ማን ይጠነቀቃል? እናቴ ገበያ ስትውል ድስቷን የሚጠብቅላት አባቴ ነበር፣ ሐጂ። አንድ ቀን አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የራሷን ማንኪያ ልትከትበት ስትል እጇን ያዛት። ‹እማዬ፣ ይሄ የሚስቴ ነው› አላት። የገዛ እናቱን! እናቴ ከዚያ ወዲህ ከገበያ ስትመለስ ድስቷን ከፍታ መርምራ አታውቅም። ዝም ብላ ትበላ ነበር።»

በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሐጂ መቁጠሪያውን ማንቀሳቀስ አቆመ።

«የእኛንስ ድስት ማን ሊጠብቅ ነው?»

«እማሆይ።»

«እሷ? ያቺ ሴት እኮ ያረፍኩበት ወንበር ላይ አትቀመጥም። እምቢ ትልሻለች።»

«ቀድሜ እሷን አነጋግሬ ነው የመጣሁት። እሷም ስለ እርስዎ ይህንኑ ነው ያለችኝ። ‹ሐጂ እሺ ካለ እኔም እሺ፤ ግን አይልም› ነው ያለችው።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሐጂ ሚስት ሳቀች። ሐጂ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አይልም አለች? እኔን?» ብሎ ተነሳ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች የትም መሄድ አልቻለም፤ መልሶ ተቀመጠ። «ሥጋው መቼ ነው የሚመጣው?» አለ።

ሥጋው ዳግመኛ ፍሪጅ ውስጥ እንዳያድር እትዬ ሐሙስ ማለዳ እንዲመጣ አዛ ነበር። ያን ሐሙስ ገና ሥራ ሳይጀመር በሩ ላይ ደርሼ ነበር፤ መቅረት አልቻልኩም። ሐጂ ከእኔ ቀድሟል። ክርስቲያኑ ሥጋ ሻጭ ሲደርስ መንገድ ዘጋበት።

«በስመ አብ ብለህ ነው ያረድከው?»

«አዎ፣ ሐጂ» አለ ሰውየው ግራ ገብቶት።

«በስመ አብ ብቻ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው ነው፣ ሐጂ።»

«ቀጥል፣ እኔ ከኋላህ ነኝ።»

በወዲያ በኩል እማሆይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሙስሊሙን ሥጋ ሻጭ ይዛዋለች። «ቢስሚላህ ብለሃል?» «ብያለሁ፣ እናቴ።» «ጮክ ብለህ?» «ጮክ ብዬ።» «ቢላዋህስ ንጹህ ነበር? እስቲ አሳየኝ!» ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሲያርድ እንዲህ ያለ ምርመራ ገጥሞት አያውቅም፤ የራሱ ሼህ እንኳ እንደዚህ አልጠየቁትም ብሎ በኋላ አውርቷል።

ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ ሐጂ በቀዩ ድስት ፊት፣ እማሆይ በአረንጓዴው ፊት። ዝንብ ካለፈች ሁለቱም ይነሳሉ። እትዬ ጭልፋ ጨው ልትጨምር ስትቀርብ ሐጂ በእጁ አገዳት። «እጅሽን ታጥበሻል?» አላት። በዚያኛው ድስት ደግሞ እማሆይ ጭልፋውን ከእጇ ተቀብላ ክሩን በብርሃን አየችው። «ወጥ ቤቱ የኔ መስሎኝ ነበር» አለች እትዬ፤ ግን ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር፣ ከሳቁም በታች ጭንቀት ነበር።

የምሳ ደወል ተደወለ። አናጢዎቹ ኮምፖንሳቶውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ መዶሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ነው። ሰዉ ገባ፤ ግን ሰሃን ያነሳ አልነበረም። አንዱ ወገን ሌላውን ያያል፤ ሁሉም ተያይቶ ድስቶቹን ያያል። ሁለቱ ድስቶች ላይ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ሽታው ያስጎመጃል፤ ሰዉ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በቃ አለቀላት ብዬ አሰብኩ፤ የቆምኩበት ቦታ ግድግዳው ሊቆም ነው አልኩ።

ሐጂ ሰልፉን ሳይሆን ወደ መታጠቢያው አየ። አጣቢዋ እዚያ ናት፤ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ቀና ብላ ሰው አይታ አታውቅም። እትዬ ብትሸፍናትም ሁላችንም የማን እጅ እንደነበር እናውቃለን፤ ሐጂም ያውቃል።

«ነይ ልጄ። ሰሃን ያዢና ነይ» አላት።

«እኔ?»

«ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ድስትሽ ይሄ ነው።»

መጣች። ፊቱ ስትደርስ እንባዋ ወረደ። «ሐጂ፣ በኔ የተነሳ እርስዎ ያን ያህል…» ብላ መጨረስ አቃታት።

«ይቅር ባልልሽ ኖሮ ከጠዋት ጀምሮ ድስትሽን ስጠብቅ እውል ነበር?» አለ ሐጂ። ቀዳላት፤ አይቶ ጨመረላት። ከዚያ ጭልፋውን ከፍ አድርጎ ለአዳራሹ ሁሉ ጮኸ። «ወላሂ! ከበሩ ጀምሮ ዓይኔን አልነቀልኩም! ይሄ ንጹህ የክርስቲያን ድስት ነው፤ ምስክሩ እኔ ነኝ!»

እማሆይ ከኋላ ላለመቅረት ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። «ይሄም ንጹህ የሙስሊም ድስት ነው! በእመቤቴ! ዝንብ እንኳ አላረፈበትም!»

አጣቢዋ እዚያው ቆማ ጎረሰች። ሁላችንም ስታኝክ አየናት፤ ስትውጥም አየናት። እያለቀሰች ደግማ ጎረሰች። ከቶርኖ ክፍሉ አንዱ «በል እንግዲህ፣ ልንራብ ነው እንዴ!» አለና ሰሃን አነሳ። ከዚያ የሰሃኑ ጫጫታ ነው። ሰዉ እንደ ጎርፍ ገባ፤ ሰልፉ ተጠማዞ እስከ በሩ ደረሰ። «እማሆይ፣ ጨምሪልኝ» የሚል ሙስሊም፣ «ሐጂ፣ አጥንት ያለበት» የሚለው ክርስቲያን፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሲጠብቅ ማየት ለዓይን ብርቅ ነበር። ከመላጊያ ክፍሉ አንድ ሆዳም ሙስሊም ወንድማችን ሐጂ አብዝቶ እንደሚቀዳ አይቶ ተሹለክልኮ በቀዩ ድስት ተሰለፈ። ሐጂ ሰሃኑን በጭልፋ ጫፍ ገፋው። «አንተ! ያንተ እዚያ ነው! እኔ እያለሁ በዚህ በኩል አታልፍም!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሆዳሙም ራሱን እያከከ ወደ እማሆይ ዞረ፤ እሷም ስለ ደፋርነቱ ካስተማረችው በኋላ ነው የቀዳችለት።

መሀል ያሉት ጠረጴዛዎች ሞሉ። እኔ እንኳ መቀመጫ አጥቼ ጥግ ላይ ነው የቆምኩት፤ በሕይወቴ መቀመጫ በማጣቴ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በየሰሃኑ አየሁ፤ የተገፋ ሰሃን የለም። ሥራ አስኪያጁ ወደ አናጢዎቹ ጠጋ ብሎ «እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?» አላቸው። «ሰልፉ እስኪያጥር ነው፣ ጌታዬ» አለው ዋናው አናጢ። መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ሰሃን አነሱ። ሥራ አስኪያጁም ትንሽ አሰበና ከኋላቸው ተሰለፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን እንዳላመመው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ሰዉ ሲጠግብ እትዬ ጭልፋ ጠረጴዛ ላይ ወጣች። «ለሚመጣው ሐሙስ ማን የሌላውን ወገን ድስት ይጠብቃል?» አለች። እጅ ተነሳ። አንድ አይደለም፣ አሥር አይደለም፤ ከቶርኖውም፣ ከመላጊያውም፣ ከቫርኒሹም፣ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ያን ቀን እጅ አውጥተው ተራ ያላገኙት ሰዎች ተቀይመው ስለነበር ነገሩ በዕጣ ሆነ፤ እስከ ዛሬም በዕጣ ነው። ሰው የሌላውን ድስት ለመጠበቅ ሲጣላ ያየሁት እኛ ፋብሪካ ብቻ ነው። ሰው መሆኔ ያኮራኝ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

እትዬ ከጠረጴዛው ወረደች። አንድ ወንበር ስበን አስቀመጥናት። እያለቀሰች ትስቃለች። «እንግዲህ እኔ ምን ልሥራ? ድስቶቼን ሁሉ ቀማችሁኝ» አለች።

ሐጂ ከቀዩ ድስት አንድ ሰሃን ቀድቶ ይዞ መጣ፤ ፊቷ አስቀመጠላት። «ብዪ። ጠብቄልሻለሁ» አላት።

ከዚያ የራሱን ሰሃን አነሳ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን፤ ለእትዬ «ከእጅሽ አልበላም» ያላትን እኔ ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁና። ሐጂ እማሆይ ፊት ሄዶ ቆመ። እሷ አረንጓዴ ክር ያለበትን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ አስገብታ አንድ ቀዳችለት፤ ሐጂ ግን ሰሃኑን እንደዘረጋ ነበር።

«ጨምሪበት እንጂ» አለ። «የተራበ ሰው ነኝ።»